ለሞተሩ ፊልትሮ፣ ለሰው ነጠላ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡና እያፈላችሁ አንብቡት። ጉዳዩ አቧራ ነው። "ስለ አቧራ ደግሞ ምን ይጻፋል?" የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ኮኪትን ለማታውቁ፦ ከጎንደር ወደ መተማ ዮሐንስ ስትወርዱ ገንዳ ውኃን አልፋችሁ የምታገኟት የቆላ ከተማ ናት። መንገዱ ወደ ሱዳን ድንበር ይቀጥላል። ከጥቅምት ጀምሮ ሰሊጥ ሲገባ ከተማዋ ሌላ ትሆናለች። ሳሉጉ ከደጋ ይወርዳል፣ አይሱዙው ይሰለፋል፣ ጆንያ ይወጣል፣ ጆንያ ይወርዳል። ክረምቱን ሙሉ ጫማ ይዞ አላስኬድ ያለው ጥቁር አፈር ደርቆ ዱቄት ይሆንና ሰማዩን ይሸፍነዋል።

ልጅ ሆኜ ብዙ ጊዜ የማሳልፈው ከጎሚስታው ደጅ ነበር። ሾፌሮች ገና ከመኪና ሳይወርዱ "ፊልትሮውን ንፋልኝ!" ይላሉ። ረዳቱ የሞተሩን አየር ፊልትሮ ያወጣል። ክብ ነው፣ ወረቀቱ እንደ ቀሚስ ሽንሽን ተሸንሽኗል። ጎሚስታው በኮምፕሬሰር ይነፋዋል፣ አቧራው እንደ ጭስ ይወጣል፣ ፊልትሮው ተመልሶ ይገጠማል። ሾፌሩ በዚህ ቀልድ አያውቅም። "አቧራ ከገባ ሞተሩ ይበላል፣ ሞተር ከተበላ እኔም አበቃልኝ" ይላል።

ከዚያው መኪና ጎን ጆንያ የሚሸከሙ ሰዎች አሉ። አፍንጫቸው ላይ ፎጣ ጠቅልለዋል። የሌለው በካናቴራው ጫፍ ይሸፍናል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወይም ሻሻቸውን ያስራሉ። ማንም "ሳንባህን ላራግፍልህ" አይላቸውም።

ይህን ነገር ያኔ አላስተዋልኩትም። ያስተዋልኩት ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ ሰሊጥ ማበጠሪያ ፋብሪካ ውስጥ ስሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ሊለቀኝ አልቻለም። ለሞተር ፊልትሮ፣ ለሰው ነጠላ። እንዴት እዚህ ደረስን? መልሱ ታሪክ አለው።

፩

አባቶቻችን አቧራን የሚያሸንፉበት ዘዴ ነበራቸው፤ ዘዴው ንፋስ ነው። አውድማ የሚመረጠው ንፋስ ካለበት ከፍታ ላይ ነው። ሰብሉ ተወቅቶ ሲያበቃ ንፋስ ይጠበቃል። ንፋሱ ሲመጣ በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ ይበተናል፤ ፍሬው ይወድቃል፣ ገለባው ይርቃል፣ እብቁ ደግሞ ከሁሉም ርቆ ይሄዳል። የሚያዘራው ሰው ንፋሱን በጀርባው ይሰጣል። ይህን ማንም መጽሐፍ አላስተማረውም። ንፋሱ ዞሮ ፊቱን ሲመታው ሥራውን ያቆማል ወይም ቦታውን ይቀይራል።

ልብ በሉ፤ በአውድማ ላይ ማበጠሪያውም አቧራ ማስወገጃውም አንድ ናቸው። ሥራው የሚሠራው አቧራው ከሰው በሚርቅበት ኃይል ነው። ንፋስ ከሌለ ሥራም አቧራም የለም። በዚህ ምክንያት ገበሬ ስለ አቧራ የተለየ ዕቃ ማሰብ አላስፈለገውም።

ችግሩ የመጣው ሥራው ቤት ውስጥ ሲገባ ነው። ጣራና ግድግዳ ሲኖር ንፋስ የለም። ማሽን ግን ንፋስ አይጠብቅም፤ ሌት ተቀን ያበጥራል። ስለዚህ ፍሬውና እብቁ ሲለያዩ እብቁ የሚሄድበት የለውም። የሚሄደው እዚያው ወደቆመው ሰው ነው።

፪

ይህን ነገር መጀመሪያ በደንብ የጻፈው ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ እህል የሚያበጥሩና የሚሰፍሩ ሰዎች ከአቧራው የተነሣ እንደሚያስሉና ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው አስፍሯል። ራማዚኒ ሐኪሞችን የመከረው በሽተኛ ሲመጣ ሥራው ምን እንደሆነ እንዲጠይቁ ነው። ከ300 ዓመት በኋላ ዛሬ በእኛ ጤና ጣቢያ ስንቱ በሽተኛ ይህን ጥያቄ ይጠየቃል? ይህን ለእናንተ ልተወው።

የአውሮፓና የአሜሪካ ባለሀብቶች ግን ስለ አቧራ በቁም ነገር እንዲያስቡ ያደረጋቸው የሠራተኛ ሳል ብቻ አልነበረም። ፍንዳታም ነበር። የእህል ብናኝ አየር ላይ ተንሳፍፎ እሳት ካገኘ እንደ ባሩድ ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. በ1785 በጣሊያን ቱሪን ከተማ በአንድ ዳቦ ቤት የዱቄት መጋዘን ውስጥ የደረሰው ፍንዳታ በጽሑፍ ከተመዘገቡት ቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2 ቀን 1878 ደግሞ በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ዋሽበርን የተባለው ታላቅ የዱቄት ፋብሪካ ፈንድቶ 18 ሠራተኞች ሞቱ፤ በአካባቢው የነበሩ ሌሎች ወፍጮዎችም አብረው ወደሙ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1880ዎቹ በአሜሪካ ሳይክሎን የሚባለው መሣሪያ ወጣ። ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ የሆነ የቆርቆሮ ቅል ነው ማለት ትችላላችሁ። አየሩ በጎን ገብቶ ሲሽከረከር ከባዱ ብናኝ ግድግዳውን ተከትሎ ይወርዳል፣ አየሩ በመሐል ወደ ላይ ይወጣል። ዛሬም በየዱቄት ፋብሪካችን ጣራ ላይ የምታዩት እሱ ነው። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ግን ደቃቁን ብናኝ አይዝም። ወደ ሳንባ ጥልቅ የሚገባው ደግሞ ያ ደቃቁ ነው።

በዚያው ዘመን በጀርመን የጨርቅ ከረጢት ፊልትሮ ተሠራ። አየሩ በጨርቅ ያልፋል፣ ብናኙ ይቀራል፣ ከረጢቱ በየጊዜው ይራገፋል። ይህ ደቃቁንም ይይዛል። ችግሩ ሲራገፍ ማሽኑ መቆም አለበት፤ ብዙ ከረጢትም ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። በ1950ዎቹ በአሜሪካ ሌላ ዘዴ ተገኘ፤ ማሽኑ ሳይቆም የታመቀ አየር በቅጽበት ወደ ከረጢቱ ውስጥ መልቀቅ። "ጷ!" ይልና ብናኙ ይረግፋል፣ ሥራው ይቀጥላል። ጎሚስታው በፊልትሮው ላይ የሚያደርገውን ማሽኑ ራሱ በራሱ ላይ ማድረግ ጀመረ ማለት ነው።

፫

አሁን ወደ ኮኪቱ ጎሚስታ የሚመልሰን ነገር ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ1915 ፍራንክ ዶናልድሰን የሚባል የትራክተር ሻጭ በአሜሪካ ዩታ ግዛት ትራክተሩ እየደጋገመ የሚበላሽበት ገበሬ አጋጠመው። ምክንያቱን ሲያጠና አቧራ ሆኖ አገኘው። ለሞተሩ የአየር ማጣሪያ ሠራለት። ከዚያ በሚኒሶታ ኩባንያ አቋቋመ፤ ኩባንያው ዛሬም አለ። ለሞተር የሚሠራው ማጣሪያ እያደገ ሄዶ ዛሬ በእያንዳንዱ አይሱዙ ውስጥ ያለው የተሸነሸነ ወረቀት ሆነ። ሽንሽኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ወረቀት ሲታጠፍ በትንሽ ቦታ ብዙ ስፋት ይሰጣል፤ ስፋት ሲበዛ አየሩ በየነጠላው ስፋት ላይ በዝግታ ያልፋል፤ በዝግታ ሲያልፍ ብናኙ ላይ ላዩን ይቀራል እንጂ ወደ ውስጥ አይሰርግም።

ከ1970ዎቹ ወዲህ ይኸው የተሸነሸነ ፊልትሮ በከረጢቱ ፈንታ ፋብሪካ ውስጥ ገባ። ካርትሬጅ የሚባለው የብናኝ መሰብሰቢያ እሱ ነው። የዶናልድሰን ኩባንያም ከዋና ሠሪዎቹ አንዱ ሆነ። እንግዲህ አስቡት፤ መጀመሪያ የብረት ሞተርን ከአቧራ ለማዳን የታሰበ ዕቃ ነው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ የሰውን ሳንባ ለማዳን የተወሰደው። የቅደም ተከተሉ ነገር በኮኪት ብቻ አይደለም የተገለበጠው። ሞተር ሲበላሽ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። ሳንባ ሲበላሽ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው።

፬

በእኛ አገር ይህ ታሪክ አጭር ነው። በሰቲት ሁመራና በአካባቢው ቆላ ትራክተር በብዛት የገባው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የግል ሰፋፊ እርሻዎችን ወደ መንግሥት እጅ አዞረ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የሰፈራ ፕሮግራም ደግሞ ከደጋው ብዙ ሰው ወደ መተማና ቋራ አወረደ። ስለ መተማ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ የወደቁበትን ጦርነት ነው፤ ከተማዋም ስማቸውን ይዛለች። ለእኛ እዚያ ላደግን ግን መተማ ማለት ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላም ነው።

ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ፤ ሰሊጥም ወደ እሱ ገባ። የእኛ ሰሊጥ "የሁመራ ጎንደር" ተብሎ በዓይነትና በደረጃ ይሸጣል። ደረጃ ማለት አንዱ መለኪያው ባዕድ ነገር ነው፤ አፈር፣ ገለባ፣ ጉድፍ። ሰሊጥ ከቡና ቀጥሎ ከዋና ዋናዎቹ የወጪ ንግድ ምርቶቻችን አንዱ ነው፤ ትልቁ ገዢያችን ቻይና ናት። ገዢው ንጹሕ ሰሊጥ ይፈልጋል። ስለዚህ ማበጠሪያ ፋብሪካዎች መጡ፦ ወንፊት፣ ድንጋይ ለይ፣ በክብደት የሚለይ ጠረጴዛ፣ ቀለም የሚለይ ካሜራ። ከማሽኑ የተረፈውን በእጅ የሚለቅሙ ሴቶች ደግሞ ከጎን ይቀመጣሉ።

ገዢው የማይፈልገው አፈርና እብቅ ግን የት ሄደ? ማንም በደረጃ የማይጽፈው ጥያቄ ይህ ነው። ከሰሊጡ ወጣ እንጂ ከአዳራሹ አልወጣም።

የጥጡ ታሪክ ይበልጥ የተመዘገበ ነው፤ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ እ.ኤ.አ. በ1961 ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ከተቋቋመበት ጊዜ በፊትም ሆነ በኋላ አገራችን ብዙ የጥጥ ሠራተኛ አላት። የጥጥ ብናኝ የራሱ በሽታ አለው፤ ሐኪሞች ቢሲኖሲስ ይሉታል። ምልክቱ እንግዳ ነው። ሠራተኛው እሑድ አርፎ ሰኞ ሲገባ ደረቱ ይታፈናል፤ በሳምንቱ መሐል ይሻለዋል፤ በሚቀጥለው ሰኞ ይመለስበታል። ዓመታት ሲያልፉ ሰኞ ብቻ የነበረው የየቀኑ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1991 በአንድ የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት በአንድ የኢትዮጵያ የጥጥ ፋብሪካ 595 ሠራተኞችን መርምሮ ነበር። ጥጡ በሚፈታበት ክፍል ከሚሠሩት 43.2 በመቶ፣ በሚበጠርበት ክፍል ከሚሠሩት 37.5 በመቶ ይህ በሽታ ተገኘባቸው። ከመቶ አርባ ሦስት! በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ስለ ሥራ ቦታ ደኅንነትና ጤንነት የወጣውን የዓለም ሥራ ድርጅት 155ኛ ስምምነት አጸደቀች። አንዱ ወረቀት ቁስሉን አሳየ፣ ሌላው ቃል ገባ።

"ማስተካከል ይከስራል" የሚለው ክርክርም የቆየ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 የጥጥ ብናኝ ወሰን ስታወጣ የክር ፋብሪካዎች በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ0.2 ሚሊግራም እንዳያልፉ ተባሉ። የጨርቃ ጨርቅ ባለቤቶች "ልንዘጋ ነው" ብለው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። ፍርድ ቤቱ በ1981 የሠራተኛ ጤና በገንዘብ ትርፍና ኪሳራ እየተመዘነ ሊቀነስ እንደማይገባ ወስኖ ሕጉን አጸናው። ፋብሪካዎቹም አሮጌ ማሽናቸውን ቀየሩ፤ ብናኙም በሽታውም ቀነሰ፤ በአዲሱ ማሽን ምርታቸውም ጨመረ።

፭

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና።

ሥራዬ የጥገና ረዳት ነበር። ፋብሪካው ካርትሬጅ ያለው የብናኝ መሰብሰቢያ ነበረው፤ 16 ፊልትሮ፣ ትልቅ ማራገቢያ፣ ከታች የብናኝ መቀበያ። ሲገዛ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበታል። እንግዳ ሲመጣ ይታያል፣ ፎቶ ይነሣል። እንዴት እንደሚስተካከል ግን ያሳየን ሰው አልነበረም። መመሪያው በእንግሊዝኛ ነው፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቢሮ ውስጥ ነበር።

ከለቃሚዎቹ መሐል እንደ እናቴ የማያቸው አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ። ያስላሉ። ጤና ጣቢያ ሄደው አክታ ሰጥተው ነበር፤ "ቲቢ አይደለም" ተባሉ፣ ኪኒን ተሰጣቸው። እሳቸውም "ብርድ ነው የመታኝ" ይሉ ነበር፤ በዚያ ሙቀት! አንድ ቀን ሳልፍ ጠሩኝ።

"አንተ ልጅ፣ ይህ ማሽናችሁ ይጮኻል እንጂ መች ይውጣል?"

"ይውጣል እንጂ እትዬ፣ እየሠራ እኮ ነው" አልኳቸው።

"እስቲ ና እዚህ ቁጭ በል" አሉኝ። ተቀመጥኩ። ፀሐይ በመስኮት ስትገባ አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ይታያል። ከወንፊቱ ይነሣል፣ ወደ መሳቢያው አፍ ጥቂት ይሄድና ሐሳቡን እንደ ቀየረ ሰው ወደ እኛ ይመለሳል። ከኪሴ ሶፍት አውጥቼ ከመሳቢያው አፍ ላይ ያዝኩት። ሶፍቱ እንኳ አልተሳበም።

ወደ አለቃዬ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ፊልትሮው የታፈነ ይመስለኛል" አልኩ። መለኪያውን አሳየኝ፤ ቀስቱ ዜሮ ላይ ነው። "ዜሮ ማለት ንጹሕ ማለት ነው፣ ምንም አልታፈነም" አለኝ።

ስለዚህ መለኪያ ልንገራችሁ፤ የነገሩ ቁልፍ እሱ ነው። ፊልትሮ አየር ሲያልፍበት በቆሻሻው በኩልና በንጹሑ በኩል ያለው ግፊት ይለያያል። ልዩነቱ በውኃ ሚሊሜትር ይለካል። አዲስ ፊልትሮ 25 ያህል ያሳያል። ሥራ ላይ ያለ ጤነኛ ፊልትሮ ከ50 እስከ 100 መሐል ይሆናል። 150 ከደረሰና ተራግፎም ካልወረደ ፊልትሮው አርጅቷል። ማራገቢያው እየሠራ ዜሮ ካሳየ ግን ያ ንጹሕነት አይደለም፤ ወይ ፊልትሮው ተቀዷል ወይ መለኪያው ታሟል። ምት የሌለው ታማሚ ደኅና ነው አይባልም።

የሚታይ ላስቲክ ቱቦ ገዛሁ። እንደ ፈረስ ጫማ ቆልምሜ እንጨት ላይ አሰርኩት፣ ቀይ ቀለም የተቀላቀለበት ውኃ ሞላሁበት። አንዱን ጫፍ በቆሻሻው በኩል፣ ሌላውን በንጹሑ በኩል ባሉት ቀዳዳዎች ገጠምኩ። ማራገቢያው ሲነሣ ውኃው በአንዱ ክንድ ወረደ፣ በሌላው ወጣ። በማስመሪያ ለካሁት፦ 180 ሚሊሜትር። የፋብሪካው መለኪያ ቀጭን ቱቦ ከጀርባ ወልቆ ተንጠልጥሎ ነበር። ለስንት ወር እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

ማሽኑን አጥፍተን፣ መብራቱንና የታመቀውን አየር ዘግተን ከፈትነው። ያየነው ይህ ነው፦

የብናኝ መቀበያው ሞልቶ የፊልትሮዎቹ እግር ድረስ ደርሷል። የተራገፈው ብናኝ የሚወድቅበት ስለሌለው እንደገና ተመልሶ ይሳባል።

የኮምፕሬሰሩ ውኃ ተለቆ አያውቅም። ፊልትሮውን ማራገፍ የነበረበት አየር ውኃና ዘይት ይተፋል። የሰሊጥ ብናኝ ራሱ ቅባት አለው፤ በዚያ ላይ ውኃ ሲጨመር በሽንሽኑ ውስጥ እንደ ሊጥ ተጋግሯል።

የማራገፊያው ሰዓት ደግሞ በየሦስት ሰከንዱ እንዲመታ ተደርጓል። ያደረገው ማን እንደሆነ ጠየቅሁ። እኔው ነበርኩ። ፊልትሮው አዲስ በተገጠመበት ሰሞን "ቶሎ ቶሎ ከመታ ይበልጥ ይጸዳል" ተብዬ ቁልፉን ያዞርኩት እኔ ነኝ።

፮

ስህተቴን ላስረዳችሁ፤ ሌላ ሰው እንዳይደግመው።

ፊልትሮ ሥራውን የሚሠራው በወረቀቱ ብቻ አይደለም። ወረቀቱ ላይ የሚቀመጠው ስስ የብናኝ ልባስ ነው ደቃቁን የሚይዘው። ጠላ በጥሩ ጨርቅ ያጠለለ ሰው ይህን ያውቃል፤ መጀመሪያ የሚወርደው ደፍረስ ያለ ነው፣ ጨርቁ አተላ ከያዘ በኋላ የሚወርደው ጥሩ ነው። ልባሱን በየሦስት ሰከንዱ ካራገፍነው ፊልትሮው ራቁቱን ይቀራል፤ ደቃቁ ወደ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ከዚያ ምንም ምት አያወጣውም። የታመቀ አየር ይባክናል፣ ኮምፕሬሰሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ቫልቩ ይቀደዳል።

ሁለተኛው ስህተት የማራገቢያው በር ነው። አዲስ ፊልትሮ ሲገጠም አየር የማለፍ ችሎታው ከልክ በላይ ነው። በሩ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ ማራገቢያው ከታሰበው በላይ አየር ይስባል፣ ብናኙ በፍጥነት እየመታ ወረቀቱ ውስጥ ይቀበራል። በሩ መጀመሪያ ጠበብ ተደርጎ ልባሱ ሲይዝ ቀስ በቀስ ነው የሚከፈተው።

ፊልትሮዎቹ ሲቀየሩ እንዲህ አደረግን። የአየሩን ግፊት 6 ባር ላይ አቆምን። እያንዳንዱ ምት የአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ሆነ፤ ምት ሲረዝም ጉልበት አይጨምርም፣ አየር ያባክናል እንጂ። ማራገፊያው በሰዓት ሳይሆን በግፊት ልዩነቱ እንዲታዘዝ ሆነ፦ 100 ሲደርስ ይጀምራል፣ 75 ሲወርድ ያቆማል። ማታ ማራገቢያው ከጠፋ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ማራገፊያው ብቻውን ይመታል፤ የሚስብ አየር ስለሌለ ያኔ በደንብ ይረግፋል። የኮምፕሬሰሩ ውኃ ጠዋት ጠዋት ይለቀቃል። የብናኝ መቀበያው በየፈረቃው ይገለበጣል፤ መቀበያ መጋዘን አይደለም። የግፊቱ ቁጥር በቀን ሁለት ጊዜ ደብተር ላይ ይጻፋል።

ከሁሉም የረዳን ደብተሩ ነው። ቁጥሩ ቀስ እያለ ሲወጣ ፊልትሮው እያረጀ ነው። በድንገት ሲወድቅ የሆነ ነገር ተቀዷል። በድንገት ሲዘል መቀበያው ሞልቷል ወይ አየሩ ረጥቧል። ይህን ለማንበብ ዲግሪ አያስፈልግም።

ሁለት ማሳሰቢያ። አንደኛ፣ ይህ ዕቃ ለሁሉም አይሆንም። የጥጥ ብናኝ ክር ስላለው በሽንሽኖቹ መሐል ይጠላለፋል፤ ለእሱ ወንፊት፣ ሳይክሎንና ከረጢት ይሻላሉ። ሁለተኛ፣ የእህልና የሰሊጥ ብናኝ ይፈነዳል፤ ሚኒያፖሊስን አትርሱ። ብናኝ በተከማቸበት አጠገብ አይበየድም፣ አይጨስም።

አዲሶቹ ፊልትሮዎች በተገጠሙ በሳምንቱ ሶፍቱን ደግሜ ያዝኩት። ከእጄ ነጥቆ ወሰደው። ለቃሚዎቹ ሳቁ።

እትዬ ግን ያን ቀን አልነበሩም። ደረታቸው ብሶባቸው ወደ አገራቸው ገብተው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በቦታቸው የተቀመጠችው ልጃቸው ናት። "እናትሽ እንዴት ናቸው?" ስላት "አለች፣ ዳገት ግን አትወጣም" አለችኝ።

፯

"መብራት በሌለበት፣ መንገድ በሚዘጋበት፣ ሰሊጥ ሸጦ መብላት ራሱ ባስጨነቀበት ዘመን አንተ ስለ ፊልትሮ ታወራለህ?" የሚለኝ ይኖራል። ክርክሩን አልንቀውም። ድንበሩ ሲዘጋ፣ ጦርነት ሲነሣ በመተማ ቆላ ምን እንደሚሆን ከቤተሰቤ ነው የምሰማው። ፊልትሮ የውጭ ምንዛሪ እንደሚጠይቅም አውቃለሁ።

ነገር ግን በእኛ ቤት የጎደለው ገንዘብ ነበር? ማሽኑ ተገዝቷል፣ ቆሟል፣ መብራት ይበላል። የጎደለው የወለቀች ቀጭን ቱቦ፣ ያልተለቀቀ ውኃና አንድ ደብተር ነው። የእኔ የቱቦ መለኪያ ከአንድ ምሳ ያነሰ ዋጋ ነው ያስወጣኝ። በትክክል የተያዘ ፊልትሮ ደግሞ ብዙ ይቆያል፤ ስለዚህ ምንዛሪ የሚያባክነው ግዴለሽነቱ ነው። መሰብሰቢያ ለሌለው ትንሽ መጋዘን እንኳ የአባቶች ዘዴ አለ፦ ትይዩ መስኮት መክፈት፣ ለቃሚውን ከንፋሱ በላይ ማስቀመጥ፣ ወንፊቱን መሸፈን።

ሕጉም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ እንደሆነ ይደነግጋል። መከላከያ መስጠት፣ ስለ አደጋው ማስተማር፣ የሥራ ቦታው ጉዳት እንዳያደርስ ማድረግ በዚያ ውስጥ ናቸው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ግን የሚጠይቀው ማሽኑ መኖሩን ነው። ማሽኑማ አለ። ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ጠይቁ እላለሁ፤ ደብተሩን አምጡ በሉ። ሶፍት ይዛችሁ ግቡ።

ለሐኪሞቻችንም አንድ ልመና አለኝ። ከጥቅምት እስከ ጥር ሳል ይዞት የመጣን ሰው "ሥራህ ምንድን ነው?" በሉት። ለሠራተኛውም፦ ዕረፍት ስትወጡ የሚሻላችሁ፣ ስትመለሱ የሚብስባችሁ ሳል ካለ ብርድ ብላችሁ አትለፉት። ለሐኪሙ ይህን ንገሩት።

ባለፈው ኮኪት ስሄድ ጎሚስታው አርጅቶ ልጁ ተክቶታል። ሾፌሮቹ ዛሬም "ፊልትሮውን ንፋልኝ" ይላሉ። ልጁ ይነፋል፤ አቧራው ፊቱ ላይ ይመለሳል፤ አፉ ላይ ምንም የለም። ወርጄ ንፋሱን በጀርባው እንዲሰጥ ነገርኩት፤ ከመኪናዬም አንድ ማስክ አውጥቼ ሰጠሁት። ሾፌሩ ሳቀብኝ። "ለፊልትሮ አራጋፊ ፊልትሮ?" አለ።

አዎ ወንድሜ፣ ለእሱም።

ፋብሪካ፣ ወፍጮ ቤት ወይም መጋዘን ያላችሁ፣ ወይም እዚያ የምትሠሩ ወዳጆች ያሏችሁ ይህን አድርሱልኝ። በቤታችሁ ያለው መለኪያ ዛሬ ስንት ያሳያል? ሄዳችሁ አይታችሁ ጻፉልኝ።